ሮቦቴ ከመጋረጃ ፊት አልነቃነቅ አለች፤ ጉጉት በኮድ እንዴት ነው የሚጻፈው?

ሦስት_ጎማ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከሥራ መልስ ማታ ማታ የምነካካት አንዲት ትንሽ ሮቦት አለችኝ። ሁለት ጎማ በሞተር፣ ከኋላ አንዲት ነፃ ጎማ፣ ከላይ ራስፕቤሪ ፓይ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር፣ ከፊት ካሜራና የርቀት ሴንሰር። ጎማዎቹ ላይ ዙር የሚቆጥር ኢንኮደር አለ። ባትሪዋ ከአሮጌ ላፕቶፕ የተፈታ ነው፤ ስለሱ አትጠይቁኝ።

እስካሁን ያዘዝኳትን ብቻ ነበር የምትሠራው። መስመር ተከተይ ስላት ትከተላለች፣ ግድግዳ ስታገኝ ትዞራለች። ሰለቸኝ። የፈለግኩት ማንም ሳያዛት ሳሎኑን ራሷ እየነካካች እንድትማር ነው። ቤት ያለችው ድመት እንደዚያ ናት። ባዶ ካርቶን ካየች ሳትገባበት አታድርም። ምግብ የለበትም፣ ማንም ግቢ አላላትም፣ ግን ትገባለች።

አንብቤ የገባኝ እንዲህ ነው። ሮቦቷ ውስጥ አንድ ገማች ሞዴል ታስቀምጣለህ። "አሁን ይህን አያለሁ፤ እንዲህ ባደርግ ቀጥሎ ምን አያለሁ?" የሚለውን ይገምታል። ግምቱ ከእውነታው በራቀ ቁጥር ለሮቦቷ ነጥብ ትሰጣለህ። ስለዚህ የማታውቀውን ታሳድዳለች፣ ያወቀችውን ትተዋለች። ወረቀት ላይ ቆንጆ ነው።

በተግባር ግን ሌላ ሆነ። መጀመሪያ ዞር ዞር አለች። ሶፋው ሥር ገብታ ወጣች። ከዚያ በረንዳው በር ላይ ያለውን መጋረጃ አየች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፣ ነፋስም ነበር። እዚያው ቆመች። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ተመልሳ ወደ መጋረጃው። ባትሪዋ እስኪያልቅ ፈቀቅ አላለችም። በማግስቱ ሌላ ጥግ ላይ አስቀመጥኳት፤ ፈልጋ ፈልጋ ሄዳ እዚያው ተተከለች። እናቴ "ይቺ ልጅ እዚያ ምን አግኝታ ነው?" ትለኛለች።

ኮዱን ደጋግሜ አየሁት፤ ያልኩትን ነው የምታደርገው። ታዲያ እንስሳት ይሄ ለምን አይገጥማቸውም? ድመቷ መጋረጃውን ሁለት ሦስቴ በጥፍሯ ትመታውና ትታው ትሄዳለች። እሷ ጋ ያለው፣ እኔ ኮድ ውስጥ የሌለው ነገር ምንድነው?

ቆጣሪ_ሰባሪ፦

በሩን ዝጋው። የምክር ክፍያ በቴሌብር።

ትርፍ_ብሎን፦

በሩን ብትዘጋ ነገ ቴሌቪዥኑ ፊት ታገኛታለህ። ቀልድ አይደለም፤ ችግሩ በሙያው ውስጥ የሚጠራው በቴሌቪዥን ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የኦፕንኤአይና የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኮምፒውተር በተሠራ ውስብስብ መተላለፊያ ውስጥ አንድ ኤጀንት፣ ማለትም ራሱ እየወሰነ የሚንቀሳቀስ ፕሮግራም፣ ለቀቁ። ሽልማቱ አንተ እንደጻፍከው ነው፤ የግምት ስህተት። ከዚያ አንዱ ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ሰቀሉለት፣ ቻናል መቀየሪያውንም ሰጡት። ቻናሉ በዘፈቀደ ይቀያየራል። መውጫ ፍለጋው ክፉኛ ተጓተተ። ቴሌቪዥኑ ባይኖር ኖሮ በቶሎ የሚደርስበትን ቦታ ትቶ ቻናል ሲቀያይር ዋለ።

ስለዚህ ኮድህ ጤነኛ ነው። የታመመው ሽልማቱ ነው። መጋረጃ በነፋስ ሲወዛወዝ ቀጥሎ የት እንደሚሆን የሚገምት የለም። ሞዴልህ ዛሬም ይሳሳታል፣ የዛሬ ዓመትም ይሳሳታል። አንተ ደግሞ የምትከፍላት ለስህተት ነው። የማያልቅ ደሞዝ ያገኘ ሠራተኛ ምን ቆርጦት ይለቃል?

ነገሩ አዲስ አይደለም። ዩርገን ሽሚድሁበር ሙኒክ እያለ በ1990 ያቀረበው ሐሳብ ካንተው ጋር አንድ ነበር፤ ስህተት ሲበዛ ሽልማት ይበዛል። በ1991 ግን ራሱ ቀየረው። የሚሸለመው የስህተቱ መጠን መሆኑ ቀርቶ የስህተቱ መቀነስ ሆነ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሁሉን ነገር የሚገለብጠው ግን እሱ ነው።

ሳሎንህ ውስጥ ሦስት ነገር ውሰድ። ግድግዳው አለ፤ ስህተቱ ከመጀመሪያውም ዝቅተኛ ነው፣ እንደዚያው ይቀራል፤ መሻሻል የለም፣ ሽልማት የለም። መጋረጃው አለ፤ ስህተቱ ከፍተኛ ነው፣ እሱም እንደዚያው ይቀራል፤ አሁንም መሻሻል የለም፣ ሽልማት የለም። የፕላስቲክ ኳስ ደግሞ ጨምርበት። መጀመሪያ ስትነካው ወዴት እንደሚሄድ አታውቅም። በመሃሉ ስትገፋው ቀጥ ብሎ፣ በጎኑ ስትገፋው ወደ ጎን እንደሚሄድ ቀስ በቀስ ይገባታል። ስህተቱ ይወርዳል፣ በወረደ ቁጥር ትሸለማለች። ሙሉ በሙሉ ሲገባት ሽልማቱ ያልቃል፣ ኳሱንም ትታው ትሄዳለች። ድመትህ ውስጥ ያለው ነገር ይሄ ነው፤ መሰላቸት። አንተ ጉጉትን ጻፍክ እንጂ መሰላቸትን አልጻፍክም።

ይህን በእውነተኛ ሮቦት ላይ ካሳዩት ሥራዎች እኔ የምወደው የፒየር-ኢቭ ኡዴዬ፣ የፍሬደሪክ ካፕላንና የቬሬና ሃፍነርን ነው። ፓሪስ ባለው የሶኒ ላብራቶሪ ነው የተጀመረው፤ ጽሑፎቹ በ2006ና በ2007 ወጡ። ሮቦቱ አይቦ ነው፣ ያ ሶኒ የሠራው ውሻ። ሕፃናት የሚንፏቀቁበት ዓይነት ምንጣፍ ላይ አስቀመጡት። አካባቢው የሚነከስ የዝሆን አሻንጉሊት፣ ሲመቱት የሚወዛወዝ የተንጠለጠለ አሻንጉሊት፣ ደግሞም ሌላ አይቦ አለ። ያኛው አይቦ ድምፅ ሲያሰሙት መልሶ ያስመስላል። ውሻው የሚችለው ጥቂት ነገር ነው፤ ራሱን ማዞር፣ በፊት እግሩ መምታት፣ ጎንበስ ብሎ መንከስ፣ ድምፅ ማውጣት። ዝሆን ምን እንደሆነ የነገረው የለም። ንከስ ያለውም የለም።

እኔን እስካሁን የሚገርመኝ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ዝም ብሎ ይወራጫል። ቀጥሎ አንዱን ድርጊት ይይዝና እሱኑ ይደጋግማል። መንከስ ከሆነ መንከስ ነው፤ ፊቱ ዕቃ ይኑር አይኑር ግድ የለውም፣ አየር ይነክሳል። ከዚያ ዕቃ ወዳለበት አቅጣጫ መዞር ይጀምራል፣ ግን ይምታታበታል። የሚነከሰውን ይመታል፣ የሚመታውን ሊነክስ ይሞክራል። በመጨረሻ ዝሆኑን ይነክሳል፣ የተንጠለጠለውን ይመታል፣ ድምፁን ደግሞ ወደ ጓደኛው አዙሮ ያወጣል። ዝርዝሩ ከአንዱ ሙከራ ወደ ሌላው ይለያያል፣ አካሄዱ ግን ይመሳሰላል። ይህን ደረጃ በደረጃ ኮድ ውስጥ ያስገባ ሰው የለም። ቀላሉን ሲጨርስ እየሰለቸው፣ ከባዱ ደግሞ እየቀለለው ሲሄድ ራሱ የመጣ ነው።

እኔ በበኩሌ ሽቱትጋርት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ከሚያመላልሱ ሮቦቶች ጋር ነው የምውለው። እነሱ ጉጉት የላቸውም፣ እንዲኖራቸውም አልፈልግም። ግማሽ ቶን የሚገፋ ማሽን እንዲጓጓ የሚፈልግ ሰው ካለ ከእኔ ራቅ ብሎ ይሞክረው። ያንተዋ ሳሎን ውስጥ ያለች ትንሽ ነገር ስለሆነች ግን ደስ ብሎኛል።

ካርታ_ይበቃል፦

ይቅርታ፣ ደስታችሁን ላበላሽ አይደለም። ግን ይሄ ሁሉ ለምንድነው? ሳሎን ነው። ላይዳር ግዛ (በጨረር ርቀት የሚለካ ሴንሰር ነው)፣ ካርታ ታንሳ፣ አለቀ። ወለል የሚያጸዱት ሮቦቶች ያለ ምንም ጉጉት ቤቱን ሙሉ ይዞራሉ፣ መጋረጃም አያፈዛቸውም። ጉጉት የሚባለው ነገር ለጥናት ጽሑፍ እንጂ ለሥራ የሚሆን አይመስለኝም።

የቢሾፍቱ_ሐኪም፦

ልጆች፣ እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ኮድ አልጽፍም። ስለ ድመቷ የተጠየቀው ግን የእኛ ቤት ጥያቄ ስለሆነ ልግባበት።

በአንድ ወቅት እንስሳ የሚማረው ወይ ለምግብ ወይ ከሥቃይ ለመሸሽ ነው የሚለው አመለካከት ገንኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ሃሪ ሃርሎውና ባልደረቦቹ ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ያሳተሙት ሥራ ይህን አናጋው። ለሬሰስ ጦጣዎች ማጠፊያ፣ መቀርቀሪያና መንጠቆ ያለው የብረት እንቆቅልሽ ሰጧቸው። ምግብ የለም፣ ቅጣት የለም። ጦጣዎቹ ፈቱት። ተመልሶ ሲገጠምላቸው ደግመው ፈቱት። ጉዱ ያለው ምግብ ሲጨመርበት ነው። ሥራቸው ተረበሸ። በእርጋታ ይነካኩት የነበረውን ዕቃ ምግቡን ለማግኘት ሲጣደፉ ያበላሹት ጀመር።

በ1953 ደግሞ የሃርሎው ተማሪ የነበረው ሮበርት በትለር ጦጣን ውጭውን በማያሳይ ሣጥን ውስጥ አስገባ። ሣጥኑ ሁለት ትንንሽ መዝጊያ አለው፤ አንዱ ቢጫ ካርድ፣ አንዱ ሰማያዊ። ትክክለኛውን ቀለም የገፋ ይከፈትለትና ለ30 ሴኮንድ ያህል ወደ ውጭ ያያል። ሽልማቱ ይኸው ነው፤ ማየት። ጦጣዎቹ ቀለሙን ለይተው ተማሩ፣ ለሰዓታትም ሳይታክቱ ሠሩ። በኋላ ምን ማየት እንደሚመርጡ ሲፈተኑ ሌላ ጦጣ ከሁሉ በለጠ፤ የሚሄድ የመጫወቻ ባቡርም ብዙ አስመለከታቸው።

እዚህ ላይ ግን ትርፍ ብሎን ያላነሳችው ነገር አለ፤ ፍርሃት። ወጥመድ አጥምዳችሁ የምታውቁ ይህን አትስቱትም። አዲስ ወጥመድ ዛሬ ማታ ብታስቀምጡ አይጥ ዙሪያውን ትሄዳለች እንጂ አትነካውም። ለቀናት ልትሸሸው ትችላለች። ለዚህ ነው የሚያውቁበት ሰዎች ወጥመዱን ሳይወጥሩ ምግብ አድርገውበት ጥቂት ቀን የሚተዉት። ላብራቶሪ ውስጥ ለብዙ ትውልድ ስትዋለድ የኖረችው አይጥ ላይ ይህ ጠባይ በጣም ደብዝዟል። የሚበላት የለማ።

ጥጃም እንዲሁ ናት። በረቱ ውስጥ አዲስ ባልዲ አስቀምጡና ተመልከቷት። አንገቷን ታሰግጋለች፣ አፍንጫዋ ሲርገበገብ ይታያል፣ የኋላ እግሮቿ ግን ወደ ኋላ ቀርተው ለመሮጥ ተዘጋጅተዋል። ትሸታለች፣ ትፈናጠራለች፣ ትመለሳለች። በየዙሩ ትንሽ ትቀርባለች። መጨረሻ ላይ ስትልሰው ታገኟታላችሁ፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ባልዲው መኖሩንም ትረሳዋለች።

የእኔ ጥያቄ ይህ ነው። ሮቦቷ የምትፈራው ነገር አላት ወይ? በረንዳው ደረጃ ካለው ምን ታደርጋለች?

የኬጂ_መምህርት፦

የዶክተርን ጽሑፍ ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ ስለ ሕፃናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤሚ ስታልና ሊሳ ፋይገንሰን ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የ11 ወር ሕፃናትን አስደናቂ ነገር አሳዩአቸው። ለአንዳንዶቹ የመጫወቻ መኪና ግድግዳ አልፎ የሄደ መሰለ። ለሌሎቹ መኪናው ከመደርደሪያ ጫፍ አልፎ አየር ላይ የቆመ መሰለ። ከዚያ መኪናውን ሰጧቸው። ግድግዳ ሲያልፍ ያዩት ጠረጴዛ ላይ ይደበድቡት ጀመር። አየር ላይ ሲቆም ያዩት ደግሞ ይጥሉት ጀመር። ያስገረማቸውን ነገር ነው ለይተው የሚፈትሹት።

እኔ ክፍል ውስጥ ማንኪያ ከጠረጴዛ ላይ እየጣለ የሚያየኝ ልጅ ሲያጋጥመኝ ከዚያ ወዲህ ቶሎ አልቆጣም። ትንሽ እቆይና ነው የምቆጣው።

ሮቦት እንዲህ ታደርጋለች? "ይሄ ገረመኝ" ብቻ ሳይሆን "ለምን እንደዚያ ሆነ" ብላ ትሞክራለች?

ሦስት_ጎማ፦

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ስለ ደረጃው ጭራሽ አላሰብኩበትም ነበር። በረንዳው ሦስት ደረጃ አለው፣ ታች ሲሚንቶ ነው። እስካሁን ያተረፋት መጋረጃው ይመስለኛል።

ትርፍ ብሎን፣ መሰላቸቱ ገብቶኛል። ግን "የስህተት መቀነስ" በኮድ ምን ይመስላል? ፓዩ ትልቅ ኒውራል ኔትወርክ (ከብዙ ምሳሌ የሚማር ከባድ ፕሮግራም) አይሸከምም። ሌላም ልጠይቅሽ። ሮቦቷ ራሷ የማታንቀሳቅሰውን ነገር ከናካቴው እንዳታይ የማድረግ ዘዴ እንዳለ አንብቤያለሁ። ያኛው አይቀልም ወይ?

ትርፍ_ብሎን፦

በቅድሚያ ለካርታ ይበቃል። ካርታ ዕቃው የት እንዳለ ይነግርሃል፣ ሲገፋ ምን እንደሚሆን አይነግርህም። ለላይዳር የፕላስቲክ ወንበርም ግድግዳም ያው ነጥቦች ናቸው። አንዱ ሲገፉት ይሄዳል፣ አንዱ አይሄድም። ይህን ለማወቅ መንካት ያስፈልጋል። ወለል ለማጽዳት ብቻ ከሆነ ግን ልክ ነህ፤ ካርታ ይበቃል። እኔም መጋዘን ውስጥ የምጠቀመው ካርታ ነው።

ሦስት ጎማ፣ ያነበብከው የዲፓክ ፓታክና የበርክሌይ ባልደረቦቹ የ2017 ሥራ ነው። ዘዴው ብልጥ ነው። ለሞዴሉ ሁለት ተከታታይ ምስል ይሰጡትና "በመካከሉ ምን ድርጊት ተደረገ?" ብለው ይጠይቁታል። ይህን ለመመለስ የማይጠቅመውን ነገር ሁሉ ሞዴሉ ቀስ በቀስ ማየት ያቆማል። እነሱ ራሳቸው የሰጡት ምሳሌ በነፋስ የሚንቀሳቀስ የዛፍ ቅጠል ነው። ስለዚህ ለመጋረጃህ ይሠራል።

ግን ወለልህ ምንድነው? ሴራሚክ ከሆነ፣ ገና የተወለወለ እንደሆነ ደግሞ፣ ጎማዋ ይንሸራተታል። የተንሸራተተ ጎማ የት እንደሚያደርሳት አይታወቅም፤ ድርጊቱ ግን የራሷ ነው። የ2018ቱን ቴሌቪዥን አስታውስ። ቻናል መቀየሪያው በኤጀንቱ እጅ ስለነበር ነው ይሄ ዘዴም እዚያ ላይ ያቃተው። መጋረጃውን ትታ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ስትሽከረከር እንዳታገኛት።

ወደ ኮዱ ልምጣ። የካሜራውን ፒክሰል እንዳለ አትስጣት። ጥቂት ቁጥር ይበቃል፤ ከፊት ያለው ርቀት፣ የሁለቱ ጎማዎች ዙር፣ ኳሱ ቀለሙ የሚታወቅ ከሆነ በምስሉ ውስጥ የት እንዳለና ምን ያህል እንደሚሰፋ። ድርጊቱንም አሳንሰው፤ ቀስ ብሎ ወደፊት፣ ፈጠን ብሎ ወደፊት፣ ወደ ኋላ፣ ዙር።

አይቦው እንዲህ ነበር የሚሠራው። ያለበት ሁኔታና ድርጊቱ አንድ ላይ ሆነው በክልል ይከፈላሉ። ሲጀምር አንድ ክልል ብቻ ነው ያለው። ናሙና ሲጠራቀምበት ለሁለት ይከፈላል፤ ተመሳሳይ ውጤት ያላቸው ወደ አንድ ወገን እንዲሆኑ ተደርጎ። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ክልል የራሱ ትንሽ ገማች አለው። ላንተ ኔትወርክ አያስፈልግህም፤ "ከዚህ በፊት በጣም የሚመስለው ሁኔታ ላይ ምን ሆኖ ነበር?" ብሎ ያንኑ መመለስ ይበቃል። እያንዳንዱ ክልል የስህተቶቹን ዝርዝር በተራ ይይዛል። ከቀደሙት ስህተቶች አማካይ ላይ የቅርቦቹን አማካይ ቀንስ። ውጤቱ ከዜሮ በላይ ከሆነ እዚያ ክልል ውስጥ እየተማረች ነው። ሽልማቱ እሱ ነው።

የሚያሠቃይህ የዝርዝሩ ርዝመት ነው፤ አሁኑኑ ልንገርህ። አጭር ከሆነ መጋረጃው በዕድል የተሻሻለ ይመስላል። ሦስት አራት ግምት በአጋጣሚ ይሳካና "እየገባኝ ነው" ብላ ትመለሳለች። ከልክ በላይ ከረዘመ ደግሞ የጨረሰችውን ኳስ ለመተው ትዘገያለች፤ ያለፈ መሻሻል ገና ሽልማት እየሰጣት ነው። ትክክለኛው ቁጥር ሴንሰርህ በሚንቀጠቀጥበት መጠን ይወሰናል። ሮቦቷን አቁመህ የርቀት ሴንሰሩን ብቻ አንብብ፤ ቁጥሩ በራሱ ምን ያህል እንደሚዘል እይ። ከዚያ ጀምር።

ሁልጊዜ መሻሻል ወዳለበት ክልል ብቻ እንዳትሄድም ተጠንቀቅ። አንዳንዴ በዘፈቀደ ትሂድ። ዘፈቀደውን ካጠፋህባት ያልነካችው ነገር ላይ መሻሻል መኖሩን የምታውቅበት መንገድ የለም፣ ስለዚህ መቼም አትነካውም።

ዶክተር፣ የፍርሃቱ ነገር የእኛም ቤት ጥያቄ ነው። ሞንቴዙማስ ሪቬንጅ የሚባል አሮጌ ጌም አለ። መጀመሪያው ክፍል ውስጥ ቁልፍ ለማንሳት መሰላል ወርዶ፣ የሚንከባለል የራስ ቅል ዘሎ፣ እንደገና መውጣት ያስፈልጋል። እስከዚያ ድረስ አንድም ነጥብ አይሰጥም። ብዙ ዝነኛ ፕሮግራሞች ከዜሮ ፈቀቅ ማለት ያቃታቸው እዚያ ላይ ነው። በ2018 ዩሪ ቡርዳና ባልደረቦቹ በጉጉት የሚነዳ ሽልማት ጨምረውበት ከአማካይ ሰው በላይ ነጥብ አስገኙ። ጥያቄውን "ቀጥሎ ምን ይመጣል?" ከማለት "ይህን ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ?" ወደሚል ነበር የቀየሩት። ያ ኤጀንት አንድ አመል አወጣ። ከራስ ቅሉ ጋር መጨፈር። የሚገድለው ነገር አጠገብ ወዲያ ወዲህ ይላል። አደጋ አጠገብ ብዙ ስለማይቆይ እዚያ የሚያየው ሁሌም ብርቅ ነው፣ ብርቅ ደግሞ ይሸለማል። ጌም ውስጥ ሞቶ ይነሳል። ከበረንዳ የወደቀች ሮቦት ግን አትነሳም።

ስለዚህ ደረጃውን ተምራ እንድታውቀው አትተዋት። ወደ ታች የሚያይ ርካሽ የርቀት ሴንሰር ፊቷ ላይ ግጠም። ወለሉ ከጠፋ ሞተሩ ይቁም፤ ጉጉት ያለው ክፍል ይህን ትእዛዝ የመሻር መብት አይኑረው። ከጥጃዋ ደግሞ አንድ ነገር ልቅዳ። ናሙና ያልተጠራቀመበት ክልል ውስጥ ስትሆን ፍጥነቷን ዝቅ አድርግ። ናሙናው ሲጨምር ፍጥነቱም ይጨምር። ይሄ ሁለት መስመር ኮድ ነው፣ ሶፋህንም ያተርፋል።

መምህርት፣ ያንቺ ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። የኔ መልስ አጭር ነው፤ ይቺ ሮቦት አታደርገውም። እሷ የምታውቀው "እዚህ ጋ እየተሻልኩ ነው" የሚለውን ብቻ ነው። ምን እንዳስገረማት አታውቅም፣ ስለዚህ ያስገረማትን ለይታ የምትፈትሽበት መንገድ የላትም። ሕፃኑ የሚወድቅ ነገርና የሚጋጭ ነገር ለየብቻ በጭንቅላቱ ይዟል። አይቦው የያዘው በቁጥር የተከፋፈለ ክልል ነው።

ቆጣሪ_ሰባሪ፦

እኔ አሁንም በሩን ዝጋ ባይ ነኝ። ግን የመጫወቻ ኳስ ብቻውን አይበቃትም፤ ሌላ ምን ይቀመጥላት?

ትርፍ_ብሎን፦

ለእሱስ ጥሩ ጠየቅክ። ክብደታቸው የሚለያይ፣ መልካቸው ግን የሚመሳሰል ነገር። ሁለት ትንንሽ ጄሪካን ውሰድ፤ አንዱን ባዶ፣ አንዱን ውሃ ሞልተህ። በዓይን አንድ ናቸው። ስትገፋቸው ግን አንዱ ይሄዳል፣ ሌላው ጎማዋን ያንሸራትታታል። የተለያየ ቀለም ያለው ፕላስተር ለጥፍባቸው፣ አለዚያ ለዘላለም እየተምታቱባት ስህተቱ አይወርድም። ፕላስተሩን ቆይተህ ብታነሳው ምን እንደምትሆን ማየትም ሌላ ሙከራ ነው።

ውጤቱን በግራፍ ስታወጣ ለእያንዳንዱ ክልል ለየብቻው መስመር ሥራለት። የሁሉንም አማካይ ካየህ ቀስ ብሎ የሚወርድ አንድ መስመር ብቻ ነው የምታየው፤ መቼ ኳሱን እንደተወች፣ መቼ ጄሪካኑን እንደጀመረች አይታይህም። ግራፉን እዚሁ ለጥፈው።